ሲሙሌሽኑን በዓይናቸው አይተው በማግስቱ ተሳሳቱ፤ ሰርኪዩትን እንዴት ታስተምራላችሁ?

የሽምብጥ መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁም። ባህር ዳር ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። አሁን ከረንት ኤሌክትሪሲቲ ላይ ነን። አንድ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ አለ። ቤተ ሙከራችን (ላብ) ውስጥ የሚሠራ አሜትር፣ ማለትም የከረንት መለኪያ፣ ማግኘት ዕድል ነው። አምፑሎቹም አብዛኞቹ ተቃጥለዋል። ስለዚህ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀውን ፌት የተባለውን ሲሙሌሽን፣ ማለትም ሙከራውን በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ በፕሮጀክተር ማሳየት ጀመርኩ። ፕሮጀክተሩ አንድ ነው። ከባዮሎጂና ከኬሚስትሪ መምህራን ጋር እየተቀባበልን ነው የምንጠቀምበት።

ልጆቹ በጣም ይወዱታል። ሽቦ ስቀጥል፣ አምፑል ሲበራ፣ ኤሌክትሮኖቹ ሲንቀሳቀሱ ክፍሉ ጸጥ ይላል። የቸገረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሁለት እኩል አምፑሎች በሲሪየስ፣ ማለትም በአንድ መስመር አከታትዬ፣ አገናኝቼ አሳየኋቸው። ሁለቱም እኩል ሲበሩ ሁሉም አይተዋል። በማግስቱ ያንኑ ጥያቄ በወረቀት ስጠይቃቸው ግን ብዙዎቹ «ለባትሪው የሚቀርበው አምፑል የበለጠ ይበራል፣ ከረንቱን መጀመሪያ የሚጠቀመው እሱ ስለሆነ» ብለው ጻፉ። ከጎበዞቹም ጭምር። ትናንት እኮ በዓይናቸው አይተውታል!

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። በእንዲህ ዓይነት መሣሪያ የምታስተምሩ ሰዎች፣ ልጆቹ ያዩት ነገር ጭንቅላታቸው ውስጥ እንዲቀር ምን ታደርጋላችሁ? ሌላው ደግሞ ኔትወርኩ ነው። ክፍል ውስጥ ገብቼ ገጹ እስኪከፈት ስጠብቅ 10 ደቂቃ ይሄዳል። እሱንም የምታውቁበት ካላችሁ ንገሩኝ።

የአይሲቲው ልጅ፦

ቲቸር፣ የኔትወርኩ ነገር ቀላል ነው፣ በእሱ አትጨነቂ። ፌት ላይ ያለው እያንዳንዱ አዲስ ሲሙሌሽን ማውረጃ አለው። የሚወርደው አንድ ኤችቲኤምኤል ፋይል ነው፣ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ። አንዴ ካወረድሽው ያለ ኢንተርኔት በክሮም ይከፈታል። ማታ ቤትሽ ወይም ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርደሽ በፍላሽ ይዘሽ መግባት ነው። በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ያኔ ፋይሉ ላፕቶፑ ላይ የነበረው መምህር ሥራውን አላቋረጠም።

ልጆቹ በየስልካቸው እንዲሞክሩት ከፈለግሽ ደግሞ ኪዊክስ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። ፌትን ሙሉውን በአንድ ጥቅል ያወርድልሻል፣ ውክፔዲያንም እንዲሁ። ላፕቶፑን እንደ ሰርቨር ታደርጊውና ልጆቹ በዋይፋይ ይገቡበታል። ካርድም ጥቅልም አይበላም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ፦ የዊንዶውስ ሆትስፖት ከ8 ስልክ በላይ አይቀበልም። ስለዚህ አንድ ትንሽ ራውተር ፈልጊ። ኢንተርኔት የሌለው አሮጌ ራውተርም ይሠራል። ልጆቹን ከላፕቶፑ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው ሥራው።

ድሮ የወረዱ ፋይሎች ኮምፒውተሩ ላይ ካገኘሽ ደግሞ አትድከሚባቸው። ብዙዎቹ በፍላሽ ፕሌየርና በጃቫ የተሠሩ ናቸው። ፍላሽ ፕሌየር እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ቀርቷል።

ከቤዛዊት ሥር፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ደስ አለኝ። ብዙ ሰው «ተማሪዎቼ ወደዱት» ይልና እዚያው ላይ ያቆማል። አንቺ ግን በማግስቱ መለስ ብለሽ ፈተሽሻቸው። ትልቁ ሥራ እሱ ነው።

እኔ ፕላዝማ የምንለው የቴሌቪዥን ትምህርት ሲገባ አስተማሪ ነበርኩ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣልን ነበር። ስዕሎቹ ግሩም ነበሩ፣ ይህን መካድ አይቻልም። ብላክቦርድ ላይ በጠመኔ ልስለው የማልችለውን ነገር ስክሪኑ ላይ አይቻለሁ። ነገር ግን ማቆም የሚባል ነገር አልነበረም። ከ40ው ደቂቃ አብዛኛውን የሚወስደው ቴሌቪዥኑ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት «መልሱን ጻፉ» ትላለች። ልጁ እስክሪብቶውን ሳያነሳ መልሱ ይመጣል። «ቲቸር እዚህ ጋ አልገባኝም» የሚል ልጅ እጁን ሲያወጣ ትምህርቱ ሌላ ርዕስ ላይ ደርሷል። እሱን ልርዳ ብል ሌሎቹን እረብሻለሁ። ዝም ብል ልጁን እበድለዋለሁ። ያ ነገር እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ሲሙሌሽንን መጀመሪያ ያየሁ ዕለት የወደድኩለት ቀለሙን አይደለም። ማቆሚያው አስተማሪው እጅ ላይ ነው። ፍጥነቱን የሚወስነው ክፍሉ ነው። ሳታቆሚ ከሮጥሽበት ግን ያው ፕላዝማ ነው የሚሆንብሽ።

አሁን ወደ አምፑሎቹ። ከመንካትሽ በፊት አስገምቻቸው። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ። በቃል ካደረግሽው የፊተኛው ወንበር ልጆች ይመልሱና የኋለኞቹ ይከተሏቸዋል። እያንዳንዱ ልጅ ደብተሩ ላይ ይጻፍ፣ ከጻፈ በኋላ እንዳይሰርዝ በዪው። እኔ እንዲህ ነበር የማደርገው። 9 ቮልት ባትሪና አንድ 10 ኦም አምፑል አገናኛለሁ። ይበራል። እዚያ ላይ አቆማለሁ። «አሁን ልክ እንደዚህ ያለ ሁለተኛ አምፑል በሲሪየስ ልጨምር ነው። የቱ ይበልጥ ይበራል? ለባትሪው የሚቀርበው? የራቀው? ወይስ እኩል? እኩል ካላችሁስ፣ ከመጀመሪያው ጋር ሲተያይ እንዴት ነው?» ይጽፋሉ። ከዚያ ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር ይከራከሩ። ይንጫጩ፣ አትከልክያቸው። ከዚያ እጅ አስወጥተሽ ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ጻፊ። ይሄን ያህሉ ፊተኛው ብሏል፣ ይሄን ያህሉ እኩል ብሏል። ክፍሉ ለሁለት ሲከፈል ብቻ አምፑሉን ጨምሪ።

ያኔ ፊታቸውን እዪ። የተሸነፈው ልጅ «ለምን?» ይላል። ያቺን «ለምን» ካገኘሻት አሜትር ታስገቢላታለሽ። ከፊተኛው አምፑል በፊት፣ በሁለቱ መካከል፣ ከኋለኛው በኋላ። ሦስቱም ቦታ 0.45 አምፒር። ከረንቱ የትም አልተበላም። አምፑሉ የሚወስደው ኃይል ነው፣ ከረንቱ ግን የገባው ያህል ይወጣል። ይሄን ዓረፍተ ነገር አንቺ ቀድመሽ አትናገሪው። ከልጆቹ አንዱ እስኪለው ጠብቂ። ይለዋል።

ልጁ ሳይገምት ሲያይ የሚያስታውሰው «ሁለቱም በሩ» የሚለውን ብቻ ነው። እኩል መብራታቸው ለእሱ ምንም አልነበረም፣ ምክንያቱም የሚሟገትለት ግምት አልነበረውም። ማታ ቤቱ ሲያስበው የራሱ የድሮ ሐሳብ ክፍተቱን ይሞላዋል። አንቺ በማግስቱ ያገኘሽው እሱን ነው።

ይሄ የእኔ ብቻ አስተያየት አይደለም። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እነኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ ጥናት አውጥተዋል። ክፍል ውስጥ የሚታይ የፊዚክስ ሙከራን ዝም ብለው ያዩ ተማሪዎች፣ ጭራሽ ካላዩት እምብዛም አልተሻሉም። ከማየታቸው በፊት የገመቱት ግን ተሽለዋል። የሚጠይቀው ተጨማሪ ጊዜም ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስጠንቅቂያቸው። ስክሪኑ ላይ ያሉት ሰማያዊ ኳሶች በእርግጥ እንደዚያ የሚሮጡ እንዳይመስላቸው። ተራ የመዳብ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሮኖች በአማካይ ወደፊት የሚሄዱት በሰከንድ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው። መብራቱ ወዲያው የሚበራው ሽቦው ቀድሞውኑ በኤሌክትሮን የተሞላ ስለሆነና ኤሌክትሪክ ፊልዱ እጅግ በፍጥነት ስለሚዛመት ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ «ታዲያ ማብሪያውን ስጫን ኤሌክትሮኑ እስኪደርስ ለምን አልጠብቅም?» ብሎ ከጠየቀሽ ያን ዕለት ደስ ብሎሽ ግቢ።

የ12ኛው ፊዚክስ፦

ለመምህራን ያለኝ አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ እኔ በዚህ አልስማማም። ለአንድ የሲሪየስ ጥያቄ ሙሉ ክፍለ ጊዜ? መጽሐፉ እኮ አያልቅም። ልጆቹ 12ኛ ክፍል ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ፈተና ምርጫ ነው፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሰዓቱም አጭር ነው። ሲሙሌሽን ያየ ልጅና ብዙ ጥያቄ የሠራ ልጅ ፈተና ላይ ቢቀመጡ የሠራው ይበልጣል። እኔ ጋ የሚደርሱት ልጆች ቪ እኩል አይ አርን (የኦም ሕግ፦ ቮልቴጅ እኩል ከረንት ሲባዛ በሬዚስታንስ) ሸምድደው ነው የሚመጡት፣ ቁጥር ማስገባት ግን ያቅታቸዋል። ጊዜው ለልምምድ ቢውል እመርጣለሁ።

ከቤዛዊት ሥር፦

መምህር፣ ስጋትዎ ይገባኛል። መጽሐፉን ሳልጨርስ የፈተና ጊዜ የደረሰብኝን ዓመት አውቀዋለሁ፣ ሸክሙ ቀላል አይደለም። ነገር ግን እስቲ የፈተናዎቹን ጥያቄዎች ያስቧቸው። «ሁለተኛ አምፑል በፓራለል ቢጨመር (በራሱ መስመር በቀጥታ ከባትሪው ጋር ቢገናኝ) የመጀመሪያው ብርሃን ምን ይሆናል?» ዓይነት ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። ይሄ ቁጥር ማስገባት አይደለም። ቪ እኩል አይ አርን የሸመደደ ልጅ የትኛውን ቪ እንደሚያስገባ አያውቅም። የባትሪውን ነው ወይስ የአምፑሉን? እርስዎ ያሉት ችግር ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ደግሞ ልምምዱን ከሲሙሌሽኑ ጋር ማድረግ ይቻላል። ልጆቹ መጀመሪያ ደብተር ላይ ያስሉ። አንድ አምፑል ሲሆን 0.9 አምፒር፣ 8.1 ዋት። ሁለቱ በሲሪየስ ሲሆኑ 0.45 አምፒር፣ እያንዳንዱ 2 ዋት ገደማ። ኃይሉ ግማሽ አልሆነም፣ ሩብ ሆነ! ለምን? ከረንቱም ቮልቴጁም ለየራሳቸው በግማሽ ስለቀነሱ። በፓራለል ደግሞ እያንዳንዱ አምፑል 0.9 ይወስድና ከባትሪው 1.8 ይወጣል። ካሰሉ በኋላ ስክሪኑ ላይ ይፈትሹት። ያን ጊዜ ስክሪኑ መልስ ማረሚያ ይሆናል። ልጁ በራሱ ስሌት ይተማመናል። የቤታችን መስመር ለምን በፓራለል እንደተዘረጋም ያኔ ይገባዋል። የሳሎኑ አምፑል ሲቃጠል የጓዳው አይጠፋም።

ለሁሉም ርዕስ እንዲህ አድርጉ አልልም። ቬክተርን በወረቀትና በማስመሪያ ማስተማር ይበቃል። ልጆች በስህተት ሐሳብ ለሚመጡባቸው ጥቂት ርዕሶች ነው ይሄ የሚያስፈልገው፦ ሰርኪዩት፣ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ፣ የወደቀ ዕቃ፣ ምስልና ሌንስ። ሌላውን በፍጥነት እለፉት።

የሽምብጥ መምህርት፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ግምቱ የነገሩኝ በጣም ገብቶኛል። አንድ ነገር ግን ይጨንቀኛል። ልጆቹ «ኮምፒውተሩ እንዲህ እንዲያሳይ ስለተሠራ ነው እንጂ በእውን እንዲህ ነው ወይ?» ይሉኛል። አንዱ ልጅ በግልጽ ጠየቀኝ። እውነተኛውን ነገር ሳያሳዩ ሲሙሌሽን ብቻውን ይበቃል ይላሉ?

ከቤዛዊት ሥር፦

የልጁን ጥያቄ ስሚው፣ ትክክለኛ የፊዚክስ ሰው ጥያቄ ነው። አይበቃም ልጄ። እርግጥ ፌትን የመሠረተው የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2002። እዚያው ኮሎራዶ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናትም በሲሙሌሽን የተማሩት ልጆች በእውነተኛ ዕቃ ከተማሩት ይልቅ ጥያቄውን በተሻለ እንደመለሱ፣ ቆይቶ እውነተኛ ሰርኪዩት ሲሠሩም እንደተሻሉ አሳይቷል። ይህን ሲያነቡ «ላብ አያስፈልግም» የሚሉ ኃላፊዎች አሉ። እኔ አልቀበለውም። እነዚያም ልጆች እኮ በመጨረሻ እውነተኛ ሽቦና አምፑል ነክተዋል።

አሁን በገበያ የሚሸጠው የእጅ ባትሪ ኤልኢዲ ነው። እሱን አትውሰጂ፣ ለኦም ሕግ አይሆንም፣ አቅጣጫውን ከገለበጥሽው ጭራሽ አይበራም። ይልቅ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ሂጂና የፍሬቻ አምፑል ግዢ። 12 ቮልት ነው፣ ውስጡ ሽቦ ያለው። ከባጃጅ ሹፌር አንድ ደህና ባትሪ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ተዋሺ። ባህር ዳር ውስጥ ባጃጅ የጠፋበት ሰፈር የለም። ሁለቱን የባትሪ ጫፎች በሽቦ ብቻ እንዳያገናኙ አጥብቀሽ ንገሪያቸው፣ ሽቦው ግሎ ያቃጥላል። ባትሪው አንቺው ጠረጴዛ ላይ ይሁን።

ከዚያ አንድ የሚገርም ነገር ታያላችሁ። አሜትር ካገኘሽ በሲሪየስ የሚያሳየው ከረንት የአንዱ አምፑል ግማሽ አይሆንም። ከግማሽ ይበልጣል። የአምፑሉ ሽቦ ሲደበዝዝ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ይቀንሳል። ሲሙሌሽኑ ላይ ግን አምፑሉ ሁልጊዜ 10 ኦም ብለን ነበር። ለዚያ ልጅ የምትሰጪው መልስ ይሄ ነው። ኮምፒውተሩ የተነገረውን ብቻ ነው የሚያሰላው። ልዩነቱን ራሱ ይፈልገው።

በሌሎች ርዕሶችም ቁጥሩን ወደ አገራችን አምጪው። ተወርዋሪ ዕቃን ስታስተምሪ ሲሙሌሽኑ ላይ ከፍታ መቀየሪያ አለ። 1800 ሜትር ላይ አድርጊው፣ ባህር ዳር ናት። የስበቱንም 9.78 አድርጊው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ወደ 82 ኪሎፓስካል ነው፣ መጽሐፉ 101 ይላል። ውሃም ቤታችን የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኢነርጂን ስታስተምሪ ጢስ ዓባይን አንሺ። ፏፏቴው ወደ 45 ሜትር ነው። የአየር ግጭቱን ከተውነው ውሃው ታች ሲደርስ በሰከንድ 30 ሜትር ገደማ ይሮጣል። ያ ሁሉ ኃይል እዚያው ሙቀት ቢሆን ውሃው የሚሞቀው በ0.1 ዲግሪ ብቻ ነው። ልጆቹ ይህን አያምኑም። አስልተው ሲያገኙት ደግሞ አይረሱትም። ውሃው ወደ ማመንጫው ሲዞር በበጋ ፏፏቴው ለምን እንደሚሳሳም ከዚያው ይያያዛል።

የፔዳ ተማሪ፦

ቲቸር፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ጋሼ ስለ እውነተኛው ነገር ያሉትን ሳነብ አንድ አፕ ትዝ አለኝ። ፋይፎክስ ይባላል፣ የጀርመኑ አኽን ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ነው። ነፃ ነው፣ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ከስልክ ስልክ በዜንደር መላክ ይቻላል። ስልኩ ውስጥ ያሉትን ሴንሰሮች መለኪያ ያደርጋቸዋል።

እኛ የድምፅን ፍጥነት ሐይቁ ዳር ለካንበት። በድምፅ የሚነሳና የሚቆም ሰዓት አለው። ሁለት ስልክ በ5 ሜትር ርቀት አስቀመጥን። አንዱ ልጅ በአንደኛው ስልክ አጠገብ ያጨበጭባል፣ ሁለቱም ሰዓቶች ይነሳሉ። ሌላኛው ልጅ በሁለተኛው አጠገብ ያጨበጭባል፣ ሁለቱም ይቆማሉ። የሁለቱን ሰዓት ልዩነት ወስደሽ 10 ሜትርን ለእሱ ማካፈል ነው። ልዩነቱ 0.029 ሰከንድ አካባቢ ይመጣል፣ ፍጥነቱ ወደ 345 ሜትር በሰከንድ ማለት ነው። በጠዋት ሂዱ። ከረፈደ የባጃጅ ጥሩንባ ሰዓቱን ያስነሳዋል። የድምፅ መጠን ገደቡንም ከፍ አድርጉት።

ጓደኛዬ «ከፍታ ላይ ስለሆንን ይቀንሳል» ብሎ ተከራክሮ ነበር። የሚወስነው ግን የአየሩ ሙቀት ነው። በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.6 ሜትር በሰከንድ ገደማ ይጨምራል።

ርካሽ ስልኮች ላይ የአየር ግፊትና የማግኔት ሴንሰሩ ላይኖር ይችላል። ማይክና አክስለሮሜትር ግን ሁሉም ላይ አለ ማለት ይቻላል።

የ12ኛው ፊዚክስ፦

አስልተው ከዚያ ይፈትሹት የሚለው ይስማማኛል። ቁጥር አስቀድሞ ደብተር ላይ የሚሠራ ከሆነ ልምምዴን አይበላብኝም። በኤሌክትሮማግኔቲክ ኢንዳክሽን ላይ እሞክረዋለሁ፣ ልጆቹ ማግኔቱ ቆሞ እያለም ከረንት አለ የሚሉት እዚያ ነው። ስልክ ግን እኛ ግቢ አይገባም። ዳይሬክተሩም አይፈቅድም፣ እኔም አልደግፈውም። 60 ልጅ ስልክ ይዞ ማን ይቆጣጠረዋል?

የሽምብጥ መምህርት፦

እኛም ግቢ ስልክ ክልክል ነው። የድምፁን ሙከራ በክበብ ሰዓት፣ በፊዚክስ ክበብ ስም አስፈቅጄ በጥቂት ስልክ አደርገዋለሁ። ክፍል ውስጥ ፕሮጀክተሩ ይበቃኛል። ሰኞ 3ኛ ፔሬድ ላይ ፕሮጀክተሩ የእኔ ተራ ነው። ያንኑ የሲሪየስ ጥያቄ እንደገና እጀምረዋለሁ፣ በዚህኛው ግን አስጽፌ፣ አከራክሬ፣ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ አድርጌ። ፍሬቻውንም ቅዳሜ ገበያ ስወጣ እገዛለሁ።

የአይሲቲው ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፋይሉን አውርጄ ለቤት ሥራ እንዲሆናቸው ለልጆቹ በቴሌግራም ላኩላቸው። ስልካቸው ላይ ሲነኩት የአንዳንዶቹ አልከፈትም ይላል። መብራት ከጠፋብኝስ ሰኞ ምን ላድርግ?

የአይሲቲው ልጅ፦

ቴሌግራም ውስጥ እንዳሉ ሲነኩት ነው የማይከፈተው። መጀመሪያ ወደ ስልኩ ያስቀምጡት፣ ከዚያ ፋይል ማኔጀር ገብተው ዳውንሎድ ውስጥ ይፈልጉት። ሲነኩት በምን ልክፈተው ብሎ ይጠይቃቸዋል፣ ክሮም ይበሉ። ክሮሙ በጣም ያረጀ ከሆነ ያዘምኑት። አይፎን ላይ ያስቸግራል፣ እነሱ ከጓደኛ ጋር ይሥሩ።

መብራቱ ከጠፋ ፕሮጀክተሩ ቀረ ማለት ነው፣ ላፕቶፑ ግን ቻርጅ ካለው ይሠራል። ስክሪኑን አዙሪውና በረድፍ በረድፍ እየመጡ ይዩት። ግምቱን ቀድመው ጽፈው ስለሚመጡ ለእያንዳንዱ ረድፍ 2 ደቂቃ ይበቃል። እሑድ ማታ ቻርጅ አድርጊው።